አራት ሞላ ያለው ፔጆ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን በጣሉበት አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ፔጆ 504 ስቴሽን ዋገን የኋላ ጎማዎቹ ወልቀው በክሪክ ተነሥቷል። የቀትሩ ሙቀት በረድ ብሎ ሠራተኛው ወደ ሥራው የተመለሰበት ሰዓት ነው። መካኒኩ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ተኝቷል፤ ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ከአጠገቡ ባለመኪናው፣ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ የቀድሞ ባለታክሲ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይከራከራሉ።

«ጋሼ፣ ሞላውን ሁለት ዙር ብንቆርጠው እኮ ዝቅ ይልልናል» ይላል ወጣቱ። «ሰፋ ያለ ቸርኬ ይገባበታል። ሞተሩን በቶዮታ ዲዝል እንቀይረዋለን፤ ወንበሩን ቆዳ እናለብሰዋለን። ከዚያ ወዲያ ሰርግ ቢባል፣ ፊልም ቢባል ማን ይቀድመናል?»

«ሰርግም ከሄደ እንዳለ ይሂድ።»

«እንዳለማ የደንገጎን ዳገት አይወጣም፣ ጋሼ።»

«እኔ ይዤው ስንት ዘመን ወጥቷል! ስማኝ የኔ ልጅ፣ ይሄ ሰው ሊጭን የተሠራ መኪና ነው። መሬት ለመሬት እየተጎተተ ምን ሊጭን ነው?»

መካኒኩ ከሥር ሆኖ «ልክ ናቸው» አለ። ወዲያው ደግሞ «ሞተሩን በተመለከተ ግን ልጁም አልተሳሳተም» ብሎ ጨመረ። ከዚያ የእጅ ባትሪውን አቀበለኝና ጎንበስ ብዬ እንዳይ ነገረኝ።

የኋላው አክስል ላይ፣ በየጎኑ፣ እንደ ሌላው መኪና አንድ ሞላ ብቻ አይደለም ያለው። ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በድምሩ አራት። አቧራና ዘይት ተጋግሮባቸው ጠቁረዋል፤ አንደኛው ጫፍ ላይ ዝገት ጀምሮታል፤ ስንጥቅ ግን የለም። መካኒኩ በጨርቅ ጠረግ ሲያደርገው የብረቱ ውፍረት ታየኝ። በዚህ መኪና ላይ ምን ቢለወጥ ያስኬዳል፣ ምን ቢለወጥ ያበላሸዋል ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት።

ፔጆ 504ን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ቅርጹን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን በቀጣዩ ዓመት የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። ስቴሽን ዋገኑ የመጣው በ1971 ነው። ፋብሪካው የቤት መኪናውን ወስዶ ኋላው ላይ ሳጥን አልቀጠለበትም፤ ከሥሩ ጀምሮ ሌላ መኪና ነው የሠራው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ2.74 ሜትር ወደ 2.90 ሜትር ረዘመ። የተሻሉት የ504 የቤት መኪናዎች የኋላ ጎማዎቻቸው በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ፣ ስቴሽን ዋገኑ ግን ጭነት እንዲችል አንድ ወጥ አክስል ተሰጠው፤ አክስሉ ላይም እነዚያ አራት ሞላዎች ተቀመጡ። ፋሚሊያል የተባለው ዓይነት ሦስት ረድፍ ወንበር አለው፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ፊታቸውን ወደፊት አድርገው ይቀመጣሉ።

አራቱ ሞላዎች ሥራ ተከፋፍለው ነው የሚሸከሙት። ጭነት በባሌስትራ የሚችል መኪና ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ ወገብ ያማል። ይህኛው ግን ሰባት ሰው ከነሻንጣው ጭኖም፣ ሾፌሩን ብቻ ይዞም ለስላሳ ነው። የዳካር ሾፌሮች ከከተማ ወደ ከተማ ሰው ሲያመላልሱበት የኖሩት፣ በፈረንሳይኛ «ሰባት ቦታ» ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው።

ሞላ ሲቆረጥ የሚያጥር ብቻ ይመስለናል። ዙሩ ሲቀንስ ግን የቀረው ሞላ እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የመታጠፊያ ቦታውም ያንሳል። ሰባት ሰው ሲሳፈር አክስሉ ከሻንሲው ጋር ይጋጫል። አሞርዛተሩ ከተሠራበት ርዝመት ውጭ ስለሚሠራ ቶሎ ይሞታል። በብዙ ስቴሽን ዋገኖች ላይ ደግሞ የኋላ ፍሬኑን ኃይል የሚመጥን፣ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ መሣሪያ አለ፤ የመኪናውን ከፍታ አይቶ ነው ጭነት መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው። መኪናው በሞላ መቆረጥ ዝቅ ሲል መሣሪያው ጭነት ያለ ይመስለውና ባዶ መኪና ላይ የኋላ ፍሬኑን ያጠነክራል። ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተያዘ ምን እንደሚሆን ቁልቁለት የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

ሞተሩም የራሱ ጉዳይ አለው። የፔጆው ባለቤንዚን ሞተር 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደል ብሎ ነው የተቀመጠው፤ መቀመጫዎቹም በዚያው ልክ የተሠሩ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሞተሩ ኋላ ያለው ነው። ትራንስሚሲዮኑ፣ ማለትም ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚወስደው ዘንግ፣ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው፤ ቱቦው ደግሞ በአንድ ጫፉ ከካምቢዮው፣ በሌላው ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። ሽፋን ብቻ እንዳይመስልህ፤ አክስሉ ነዳጅ ሲሰጠውና ፍሬን ሲያዝ እንዳይገለበጥ የሚይዘው እሱ ነው። የቶዮታ ሞተር ከነካምቢዮው ሲገባ ቱቦው የሚታሰርበት ያጣል። ከዚያ ቱቦው ተቆርጦ ይወጣል፤ አክስሉን የሚይዝ ሌላ ክንድ በብየዳ ይቀጠላል። ይህን በሥርዓቱ የሠራ ባለሙያ ካለ እጁ ይባረክ። በግምት ተለክቶ የተበየደ ክንድ ግን ሰባት ነፍስ ተሸክሞ ደንገጎን ይወርዳል፤ እኔ በበኩሌ እዚያ መኪና ላይ የሰው ልጅ አላሳፍርም።

ወጣቱ የማያስበው ሰው አይደለም። የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። የድሮው ሞተር መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ቴስታታው ሲጣመም፣ ጓርኒሲዮን ፍለጋ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ድረስ ሲኬድ አይቷል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ምክንያት አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት እጅግ ተወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተወሰነ። በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ጌጥ ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ ዛሬም ሀብት ነው፣ መሥራት አለበት። በአውሮፓ እሁድ እሁድ ከጋራዥ ወጥቶ የሚመለስ መኪና የያዘ ሰው «አትንካው» ማለት ይቀለዋል።

ምሥራቁን የሚያውቅ ሰው ፔጆ ሲባል ወዲያው የሚመጣበት 404 ነው። ከ504 በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው፣ ኋላው ላይ ሁለት ሹል ክንፍ ያለው፣ ለብዙ ዓመታት የሐረርና የድሬዳዋ ታክሲ ሆኖ የኖረው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሐረርን በር በካሜራ ያነሣ እንግዳ ሁሉ ፎቶው ውስጥ አንድ ሰማያዊና ነጭ 404 ይገባበት ነበር። ከጅቡቲ በተዘረጋ የባቡር ሐዲድ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ የፈረንሳይ መኪና ብትለምድ አይገርምም። የባቡሩ ወርክሾፕ ያፈራቸው ቶርኖ ሠራተኞችና በያጆች ባይኖሩ ኖሮ ደግሞ እነዚያ 404ዎች ከፋብሪካቸው ዕድሜ በላይ አይቆዩም ነበር፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ግን አጥብቄ የምይዘው ግምት።

መኪናው ምሥራቅ አፍሪካን ያሸነፈው በስም አይደለም። 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ወስዷል። 504ም በ1975 እና በ1978 ደገመው። እነዚያ አሸናፊዎች ስቴሽን ዋገን አልነበሩም፤ ሆኖም ኮረኮንች መንገድ ላይ ስም ያተረፈው ጥንካሬ የአንድ ቤተሰብ ነው። ናይጄሪያ ካዱና ላይ የተተከለው ፋብሪካ 504ን ከ1975 ጀምሮ ሲገጣጥም፣ ኬንያም እንዲሁ ስታደርግ፣ ሁለቱም ፈረንሳይ የቤት መኪናውንና ስቴሽን ዋገኑን በ1983 ካቆመች በኋላ ለዓመታት ቀጥለዋል።

እንዲህ በየአገሩ የሠራ መኪና ግን ሳይነካካ አይቀርም። ስቴሽን ዋገን ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ኩፔው በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ፤ የቤት መኪናውን ባለሥልጣን ወይ ሐኪም ያዘው። ስቴሽን ዋገኑ ግን ጤፍ ጫነ፣ ጫት ጫነ፣ ሙሽራ ጫነ፣ አስከሬን ጫነ። ወለሉ ከጭነት ብዛት ተጎዳና በላሜራ ተደረበ። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ለዕቃ ቦታ ተብሎ ወጣ። ፖርቶ መጋላ ተበየደበት። ከ3 ሚሊዮን በላይ ከተመረተው 504 ውስጥ ዛሬ ወንበሩ፣ ወለሉ፣ ሞላው ሳይጎድል የቆመ ፋሚሊያል ማግኘት ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። እኔ ባለመኪናውን የምደግፍበት ዋናው ምክንያቴም ይኸው ነው፤ በጣም የሠራው ዓይነት በጣም ጥቂት ሆኖ ይቀራል። አንድ ሲቆረጥ ከጥቂቶቹ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ይሁን እንጂ በዚያው ከሰዓት በኋላ ከባለመኪናው ጋርም ተለያየሁ።

የሾፌሩን በር ከፍተው ማጠፊያው ሥር ያለውን ቀለም አሳዩኝ። ላዩ አረንጓዴ ነው፤ ከታክሲ ሥራ ከወጣ በኋላ የተቀባ። አረንጓዴው በተላጠበት ሰማያዊ ይታያል፤ የታክሲው ሰማያዊ። በሰማያዊው ጠርዝ ላይ ቀጭን የስቱኮ ሽፋን አለ፤ ከሱ ሥር፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ እንደ ክሬም ያለ ነጣ ያለ ቀለም። ከፋብሪካ የወጣበት። ሽማግሌው ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው «ወደዚህ ነው የምመልሰው» አሉኝ። «ሁሉም ይላጣል፤ ባትላሜራው ያስተካክለዋል፤ ልክ እንደመጣበት ቀን ይሆናል።»

«ሰማያዊውስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እሱማ ታክሲ ነው።»

ታክሲነቱ ያፈሩበት ነገር አልነበረም፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው። ግን ኦሪጅናል ሲባል ፋብሪካው በር ላይ የቆመ አዲስ መኪና ብቻ ይታያቸዋል። ክሩስኮቱ ላይ ለሒሳብ መመለሻ የሠሯት ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አለች፤ ሁለት ቡሎን ይዟታል። የመሃለኛው ወንበር ጠርዝ ተሳፋሪ ሲወጣና ሲገባ እየተሻሸ ፀጉሩ ረግፏል። ይህ ሁሉ ተላጥቶ ቢወጣ የሚቀረው መኪና ፈረንሳይ ውስጥ በሙዚየም ካለው ጋር አንድ ይሆናል። ሶሾ ላይ፣ ፔጆ በተወለደበት አካባቢ፣ እንዲህ ያለ በደንብ የተያዘ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አለ። ድሬዳዋ ውስጥ ታክሲ የነበረ ፋሚሊያል ግን እዚያ የለም። እዚህ ነው ያለው።

የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በምህጻረ ቃሉ ፊቫ፣ የቱሪን ቻርተር የሚባል መመሪያ አለው። ቻርተሩ ያረጀን መኪና አዲስ ማስመሰል ላይ አያተኩርም፤ ያለውን ጠብቆ ማቆየትን ያስቀድማል። አንድ ለውጥ የግድ ከሆነ ጥቂት ይሁን፣ የሚመለስ ይሁን፣ የወጣው ዕቃ አይጣል ይላል። የአውሮፓ ኅብረትም ለየጊዜው የተሽከርካሪ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ታሪካዊ ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ ዓይነቱ መመረት ያቆመውንና በዋና ዋና ክፍሎቹ ላይ መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገበትን ነው። ፋብሪካ እንደወጣ ይንጸባረቅ የሚል ቃል የለበትም።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ከ1955 እስከ 1957 የተሠራው ሼቭሮሌ ኖማድ የመጣው በ1954 ኒውዮርክ ላይ ለትርኢት ከቀረበ የኮርቬት ስቴሽን ዋገን ነው። ባለሁለት በር፣ ጣራው ላይ ሽንትር ያለው፣ እጅግ የተዋበ መኪና። በሦስት ዓመት ከ23 ሺህ በታች ነው የተሠራው። ዛሬ በጨረታ ላይ ዘመናዊ ሞተር፣ ዘመናዊ ሰስፔንሽንና ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ኖማድ እንደ ፋብሪካው ከተያዘው ኖማድ በልጦ ሲሸጥ ይታያል። ገዢው የሚፈልገው መልኩን ነው፤ ለመንዳት ሲሆን የዛሬ መኪና ይሁንለት። ያን ገበያ አልነቅፍም። ገንዘቡ የሞላ፣ መሐንዲስ የቀጠረ፣ መለዋወጫ በካታሎግ የሚያዝ ሰው ያለበት ገበያ ነው። ወጣቱ በስልኩ የሚያያቸው መሬት የሚልሱ መኪናዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚያ ነው፤ ከኋላቸው ያለው ልኬትና ወጪ ግን በስልኩ ላይ አይታይም።

ለእሱ የነገርኩት ምሳሌ ሌላ ነው። በፈረንሳይ አልዛስ ዳንጀል የተባለ ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ 504 ስቴሽን ዋገንን ወስዶ በአራቱም ጎማ የሚነዳ አደረገው። ከመሬት ከፍ አደረገው፤ የፊት ዲፈረንሻል ጨመረለት፤ ሥሩን በብረት ከለለው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም መኪናውን ከተፈጠረበት ሥራ አላጣላውም። ሰውና ዕቃ ጭኖ በመጥፎ መንገድ መሄድን አበረታለት እንጂ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ዳንጀል የነካውን 504 አጥብቀው ይፈልጉታል፤ ለውጡ ራሱ የመኪናው ታሪክ ሆኗል። ስለዚህ ለውጥ ሁሉ ጥፋት ነው ብዬ አልነሣም። መኪናው የሚጭነውን ሰው የሚያስቀንስ፣ ፍሬኑን የሚያሳስት፣ ተቆርጦ የማይመለስ ለውጥን ግን እቃወማለሁ።

ታዲያ ሞተሩ ምን ይሁን? መካኒኩ ያመጣው ሐሳብ ከሁላችንም የተሻለ ነበር። ፔጆ ራሱ ይህንኑ ስቴሽን ዋገን በዲዝል ይሸጠው ነበር፤ የመጨረሻዎቹ 2.3 ሊትር ናቸው። የፔጆው ዲዝል ከፔጆው ካምቢዮ ጋር ይገጥማል፤ ቱቦውም አይቆረጥም፤ ሻንሲው ላይ የብየዳ እሳት አይነካም። ቤንዚኑ ሞተር ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዘይት ተደርጎበት ይቀመጣል። ዲዝሉ ደንገጎን በፍጥነት አይወጣም፤ ይወጣል ግን። ከዚህ በመለስ ያለው ቀላል ነው። ቤንዚኑ ሞተር ከቆየ ፕላቲኑን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ማስገባት፣ ራዲያተሩን በወፈረ መቀየር፣ ለሁሉም ወንበር የደህንነት ቀበቶ ማሰር፣ የፍሬን ቱቦዎችን በሙሉ አዲስ ማድረግ። የደህንነት ቀበቶና ፍሬን ላይ ኦሪጅናል እያሉ መከራከር ተገቢ አይመስለኝም፤ ሕፃን ልጅ የሚቀመጥበት መኪና ነው።

ሞተር የሚቀይር ሰው ሊብሬውን አይርሳ። የሞተር ቁጥር መዝገብ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ፣ ሳያስመዘግቡ ለውጦ ለቦሎ መቅረብ ራስን ማስጨነቅ ነው። የወጣው ሞተር ቁጥር፣ የገባውም ቁጥር፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው በአንድ ደብተር ቢጻፍ ከሃያ ዓመት በኋላ መኪናውን የሚገዛ ሰው መገመት አይኖርበትም። ቀለሙንም ከመላጣቸው በፊት የበሩን ማጠፊያ ፎቶ እንዲያነሱት ሽማግሌውን ለምኛቸዋለሁ፤ ሰማያዊው ከአንድ በር ውስጥ ጎን እንኳ ሳይነካ እንዲቀርም እንዲሁ።

የሚጎድለው ትልቁ ዕቃ ግን ሞተር አይደለም፤ የሦስተኛው ረድፍ ወንበር ነው። በሽማግሌው መኪና ላይ ድሮ ለጭነት ተብሎ የወጣ ሲሆን የት እንደደረሰ አያስታውሱም። ወለሉ ላይ መያዣዎቹ አሉ፤ መካኒኩ ደለሉን አውጥቶ ክራቸውን በዘይት አጽድቶታል። እንዲህ ያለ ወንበር በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በጅግጅጋ ወይም በአዲስ አበባ በየጋራዡ ደጅ ላይ መቀመጫ ሆኖ፣ በየቤቱ ጓሮ ተጥሎ እንዳለ እገምታለሁ። የቱቦው አጥንት ዝጎ እንኳ ቢሆን ያገለግላል፤ ስፖንጁና ልብሱ ይታደሳል፤ አጥንቱ ከተገኘም ልኬቱን ወስዶ ሁለተኛና ሦስተኛ ማስበየድ ይቻላል። በጓሮው ያለው ሰው ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት ሜትር አውጥቶ ስፋቱን ይለካ፣ ፎቶ ያንሳው፣ ከሥሩ ያለውን መያዣ ያሳይ፤ ከዚያ በአቅራቢያው ያለ ማንኛውንም የፔጆ መካኒክ ይጠይቅ።